እግርህን አንሳለት

የጋሽ ሰይድን መርዶ የሰማሁት ደብረ ብርሃን ገበያ መሐል ነው። ከአልዩ አምባ በርበሬ ጭኖ የመጣ ነጋዴ ገና በቅሎውን ሳያራግፍ አየኝና፣ «ያ ወዳጅህ ሰይድ አረፈ፤ ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርነው» አለኝ። ክው አልኩ። ነጋዴው ግን ሐዘንና ፈገግታ ፊቱ ላይ ተቀላቅሎበት፣ «አሟሟቱን ልንገርህ» ብሎ ጭነቱ ላይ ተደገፈ። ነግሮኝ ሲጨርስ ሁለታችንም እየሳቅን ዓይናችንን እንጠርግ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ተጠርጎ መኪና እስከ አልዩ አምባ መውረድ ከጀመረ ወዲህ፣ ጋሽ ሰይድ ማለዳ ማለዳ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ያይ ነበር። በሞተበት ዕለት አንድ የጭነት መኪና ከፊቱ ሲነሳ ሰማና በከዘራው አስቆመው። ሾፌሩን፣ «ልጄ፣ በዚህ ፍሪሲዮን አንኮበርን አትወጣትም። ግማሹን ጭነት እዚሁ አውርድ» አለው። ሾፌሩ፣ «አባባ፣ መኪናው ደኅና ነው» ብሎ ስቆ ሄደ። ጋሽ ሰይድም፣ «እንግዲህ ኸይር ያርግልህ» ብሎ ቤቱ ገባ፤ ደከመኝ ብሎ ጋደም አለ፤ በዚያው አንቀላፋ። ሕዝቡ ከቀብር ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኘው ያንኑ ሾፌር ነው። መኪናውን ዳገት መሐል በድንጋይ አስደግፎ በእግሩ ወርዷል፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ «እኒያ ሽማግሌ የታሉ? እኒያ ሽማግሌ የታሉ?» እያለ ሰውን ሁሉ ይጠይቃል።

የኔና የእሱ ትውውቅ ግን የቆየ ነው፤ ከጣሊያን ጊዜ ይጀምራል።

ጋሽ ሰይድ አጠር ያለ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጢሙን በሒና የሚያቀላ ሰው ነበር። አባቱም አያቱም ከአልዩ አምባ ተነስተው ወደ ቆላው የሚወርዱ የሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሱም ያደገው በቅሎ ጭራ ሲከተል ነው። በጎልማሳነቱ ድሬዳዋ ወርዶ ከአንድ አርመን ዘንድ ተቀጠረና መኪና መንዳትም መጠገንም ለመደ። ተመልሶ ዘሀራ የምትባል የአገሩን ልጅ አገባ። ወዲያው ጦርነት መጣ። ደብረ ብርሃን ላይ ጣሊያኖች ትልቅ ጋራዥ ሲከፍቱ፣ መኪና የሚያውቅ ሰው ሁሉ እየተፈለገ ሲያዝ፣ እሱም ተያዘ። ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ ከከተማ መውጣት ክልክል ሆነበት፤ በአንኮበር ገደል በኩል ደግሞ ውጊያው አይቋረጥም። ዘሀራ ከዘመዶቿ ጋር ቆላ ወርዳ ቀረች። የሷን ወሬ የሚያገኘው በነጋዴ አፍ ብቻ ነበር። ነጋዴ በመጣ ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ትስቃለች?» ይላል። ትስቃለች ካሉት፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ስንተዋወቅ እኔ የአንድ የደብረ ብርሃን እህል ነጋዴ መኪና እነዳ ነበር። መኪናዋ ከጦርነቱ በፊት የተገዛች፣ በሯ በጠፍር የታሰረ አሮጊት ናት። ከደነባ ስንዴ ጭኜ ስመለስ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ እሷ ግን ትንፏቀቃለች። ጭራሽ አንድ ቀን የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ ሽታ ሸተተችና ቆመች። ያዩዋት ሁሉ «ሞተሯ ሞቷል» አሉ። ነጋዴውም፣ «እንግዲያው ጎማዋን አውልቄ እሸጣለሁ፤ አንተም ሌላ እንጀራ ፈልግ» አለኝ። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። በበሬ አስጎትቼ ጋራዡ በር ላይ አቆምኳትና ጋሽ ሰይድን አስጠራሁ።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። መኪናዋን ዞር ብሎም አላያት። የአጥሩ ጥግ ቁጭ አለና፣ «አረፍ በል፤ ንገረኝ» አለኝ።

«ሞተሯ ሞቷል ይላሉ።»

«የሰውን ተወው፤ አንተ ምን አየህ? ጠዋት ስትነሳ ነው የሚብሳት ወይስ ከሞቀች በኋላ?»

«ከሞቀች በኋላ።»

«ባዶዋንስ?»

«ባዶዋን ምንም አትል።»

«ማርሽ ስታስገባ ትንቋቋለች?»

«ኧረ የለም፣ እንደ ቅቤ ነው የሚገባው።»

«ሞተሩ ሲጮህ አንተም አብረህ ትሄዳለህ ወይስ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚሄደው?»

ሳቄ መጣ። «ጩኸቱ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«በል ሞተርህ ጤነኛ ነው። ጉልበቱ ነው መንገድ ላይ የሚቀረው።»

ከዚያ ተነሳ። ጎማዎቿን በድንጋይ አስደገፈ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ሞተሩን አስነስቶ ትልቁን ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ ለቀቀው። «አየህ» አለኝ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩንና ጎማውን የሚያጨባብጥ እጅ ነው። ጤነኛ እጅ አጥብቆ ይይዛል፤ ጎማው ታስሮ ሳለ ከያዘው ሞተሩ ታንቆ መጥፋት አለበት። ያንተ ሞተር ግን ይኸው ይዘፍናል። እጁ ይንሸራተታል ማለት ነው።» ወርዶ ፔዳሉን በመዳፉ ተጫነው። «ይሄ ደግሞ ሲነካ መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል በባዶው መውረድ ነበረበት። የእጁ መዳፍ የሆነው ሸራ በተበላ ቁጥር ባዶው ይጠባል። ባዶው ሲያልቅ ሳትረግጠው እንደተረገጠ ይቆያል፤ እጁ አይጨብጥም።»

ከሥሯ ተኝቶ ገባ። አንዲት ብሎን ጥቂት አዞረ፣ ወጣ፣ ፔዳሉን ዳሰሰ፣ እንደገና ገባ። «አሁን ትሄዳለች። ሸራው ግን ቀጭን ነው፤ ከመስከረም ወዲያ አምጣትና እንለውጠዋለን። እስከዚያ ጭነት አታብዛባት።» የዚያኑ ቀን መኪናዋን እየነዳሁ ቤቴ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጣሊያኖቹ መኪናዋን ከነሾፌሯ ወሰዱ። እኔም በዚህ ሰበብ የጋራዡ ሰው ሆንኩ፤ ከጋሽ ሰይድ ጋር ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ አብረን ዋልን።

ሥራው ሁሉ በጥያቄ ይጀምራል። አንድ ሾፌር እየተጣደፈ መጥቶ «ፍሪሲዮኑ ተበላሽቷል» ካለው፣ «መበላሸትማ እኔም ተበላሽቻለሁ፤ እንዴት ብሎ?» ይለዋል። ማርሽ ሲገባ የሚንቋቋ ከሆነ ሸራው አልላቀቅ ብሎ ነው፤ በተለይ ክረምት ላይ ብዙ ቀን የቆመ መኪና ሸራው ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ሲነሳ እንደ ወባ በሽተኛ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዘይት ነክቶታል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚጮህ፣ ሲለቀቅ ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ ፔዳሉ የሚገፋት ተሽከርካሪ ቀለበት፣ ኩሽኔታዋ፣ አልቃለች። ይህን ሁሉ ሳይፈታ ያውቀዋል። «መጀመሪያ ሰውየውን ስማ፣ ቀጥሎ መኪናውን ስማ፤ ብሎን መጨረሻ ነው» ይለን ነበር። «ብሎን የሚፈታማ ሌባም ይፈታል።»

ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቀው «እግርህን አንሳለት» በሚለው ቃሉ ነው። ብዙ ሾፌር ማርሹን ከቀየረ በኋላ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ይነዳል፤ አልረገጥኩም ይላል፤ የጫማው ክብደት ብቻ ግን ሸራውን ይፈጀዋል። ጋሽ ሰይድ ይህን ነገር ከመኪና አውጥቶ ለኑሮ ሁሉ አደረገው። የጋራዡ ዘበኛ ሚስቱን ነጋ ጠባ እየጨቀጨቀ ሲያስመርራት ሰምቶ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እግርህን አንሳላት እንጂ! ሴትዮዋ እኮ ተቃጠለች» አለው። ዘበኛው ለጊዜው ተቆጣ። በኋላ ግን ሚስቲቱ ለጋሽ ሰይድ የገብስ ቆሎ በመሶብ ይዛ መጣች፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

ይህን ሰው የሚጠሉትም ነበሩ። አንድ እሑድ ከአንኮበር በኩል ሸሽቶ የመጣ ሽማግሌ ጋራዡ በር ላይ አግኝቶት፣ «አንተ የእስላም ልጅ፣ አገርህን የሚያቃጥል ወታደር የሚጭን መኪና ታክማለህ?» አለው። እኔ ልመልስ ስል ጋሽ ሰይድ በእጁ ከለከለኝ። «አባቴ» አለ፣ «በእነዚህ መኪናዎች ጭነት ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? የኛ ኩሊ ነው። ጣርማ በር ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ቢከዳ መኪናው የኋሊት ይሄዳል። ገደል ደግሞ ጣሊያንና ሐበሻ አይለይም። እኔ መኪና አልገድልም።» ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ማስተኛት ግን እችላለሁ» አለ። ሽማግሌው አተኩሮ አየውና ሄደ። እኔም ነገሩ አልገባኝም ነበር።

አሁን ወደ ተክሌ ነገር ልምጣ። ተክሌ የደነባ ሰው ነው፤ ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ አዲስ ሙሽራ። ጋራዡ ውስጥ ፍሪሲዮን የሚገጥመው እሱ ነበር። ጂኖ የሚባል አንድ ጣሊያናዊ ወታደር ደግሞ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። የጂኖ መኪና ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ይለወጣል፤ ተመልሶ ይቃጠላል። አንድ ቀን ዳገቱ መሐል ቆሞ ከኋላው የተሰለፈውን ሁሉ አገደ። መቶ አለቃው በማግስቱ ከአስተርጓሚና ከወታደሮች ጋር ጋራዡ ገባ። «ይህን የገጠመው ማነው?» አለ። ተክሌ፣ «እኔ ነኝ» አለ። «ሸራው ላይ ዘይት አፍስሰሃል፤ ሽፍቶቹ ናቸው የላኩህ» አለውና እጁን የኋሊት አሳሰረው።

በዚያ ዘመን ከዚህ ላነሰ ነገር ሰው ይሰቀል ነበር። ሁላችንም ዓይናችንን መሬት ላይ ተከልን። ጋሽ ሰይድ ብቻ ከመኪና ሥር ወጣና አቧራውን አራግፎ ፊት ለፊት ሄደ።

«ጌታው፣ መኪናው እዚህ ነው፤ እንጠይቀው» አለ። አስተርጓሚው ተርጉሞ እስኪጨርስ ጠበቀ። «ጥፋት ከተገኘ የገጠመው እሱ፣ ሥራውን ያየሁለት እኔ ነኝ፤ ሁለታችንንም ውሰድ።»

መቶ አለቃው ጥቂት አሰበና፣ «አሳየኝ» አለ።

ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ ፔዳሉን በእጁ እንዲጫን ጋበዘው። «ሸራው ከተበላ በኋላ እንኳ አንድ ጣት ያህል ባዶ ቀርቷል። የገጠመው ሰው ልኩን ጠብቋል።» ከዚያ መኪናውን በእኛ አስፈትቶ ሸራውን አወጣና የመቶ አለቃው እጅ ላይ አኖረው። «ዘይት የነካው ሸራ ይለሰልሳል፣ ጣት ያጠቁራል። ይሄ ደረቅ ነው፣ ተሰነጣጥቋል። ብረቱንም እየው፣ ሰማያዊ ሆኗል፤ ብረት እንዲህ የሚሆነው ሲግል ነው። ይቺ ኩሽኔታ ደግሞ የምትሠራው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ነው። አዲስ ነበረች፤ አሁን አልቃለች። ቀኑን ሙሉ ስትረገጥ ውላለች ማለት ነው።»

ጂኖ ፊቱ ቀላ። «እኔ አልረግጥም! ማርሽ ስቀይር ብቻ ነው!» ብሎ ማለ። መቶ አለቃውም፣ «የወታደሬን ቃል ትቼ ያንተን ልመን?» አለ። እውነቱን ለመናገር ጂኖ አልዋሸም። እግሩ የት እንዳለ አያውቅም ነበር።

ጋሽ ሰይድ አልተከራከረም። አዲስ ሸራ አስገጠመ፤ ሲያልቅ ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለው የበቅሎ ማደሪያ ሄዶ አንድ ቃጭል ተውሶ መጣ። ቃጭሉን ከፔዳሉ ጋር በገመድ አሰረው። ፔዳሉ ትንሽ ቢነካ ገመዱ ይላላና ቃጭሉ ይንቃጨላል፤ ካልተነካ ገመዱ ወጥሮ ስለሚይዘው ዝም ይላል። «ጂኖ እስከ በሬሳ ወንዝ ድልድይ ይንዳ፤ ጌታውም አጠገቡ ይቀመጥ። ሲመለሱ ደግሞ ይህ የኛ ሰው ይንዳ» ብሎ እኔን አሳየ።

ጂኖ ነዳ። እኛ ከኋላ ተጭነናል። ማርሽ ሲያስገባ ቃጭሉ ጮኸ፤ አስገብቶ ጨረሰ፣ ቃጭሉ ግን አላቆመም። በገበያው ዳር ስናልፍ ሴቶቹ የበቅሎ ሲራራ የመጣ መስሏቸው ዕቃቸውን እየሰበሰቡ መንገድ ለቀቁ፤ አንዷ ዙሪያዋን ብታይ በቅሎ የለም። «እሰይ! አሁንስ መኪናውም ቃጭል አሰረ!» ስትል ገበያው ሳቀ። ቃጭሉ እስከ ድልድዩ ድረስ አላቋረጠም። ስንመለስ እኔ ነዳሁ። እንዲህ ፈርቼ ነድቼ አላውቅም፤ የአንድ ሰው አንገት እግሬ ሥር ነበር። ማርሽ ስቀይር ቃጭሉ ጮኸ፤ እግሬን አነሳሁ፣ ዝም አለ። ጋራዡ ስንደርስ መቶ አለቃው በአገጩ ወደ ተክሌ አመለከተና «ፍቱት» አለ።

እኛ እፎይ ስንል መቶ አለቃው ወደ ጂኖ ዞረ። ጂኖ ነጭ ወረቀት መስሏል፤ አሳስሮ ሊልከው እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ያን ጊዜ ጋሽ ሰይድ እንደገና ጣልቃ ገባ። «ጌታው፣ ይህ ልጅ ክፉ አይደለም። ያስተማረው ሰው ሜዳ ላይ አስተምሮታል፤ ገደል ሲያይ እግሩ ይፈራል። ጥቂት ቀን ከኔ ጋር ተወው።» መቶ አለቃው ትከሻውን ነቀነቀና፣ «ደግሞ ቢቃጠል አንተን ነው የምጠይቅህ» ብሎ ወጣ።

ተክሌ እጁ ላይ ያለውን የገመድ ሰንበር እያሸ ተናደደ። «ጋሼ፣ ያ ልጅ እኔ ስታሰር ቆሞ ያይ ነበር እኮ! ምን ብለህ ታድነዋለህ?»

«እሱ ቢታሰር ሌላ ይመጣል» አለ ጋሽ ሰይድ፤ «ሌላውም እግሩን ያሳርፋል፤ ሸራው ይቃጠላል፤ ሌላ ተክሌ ይታሰራል። የተማረ እግር ይሻለናል። አሁን ወደ ሚስትህ ሂድ፤ ወሬው ሳይቀድምህ።» ተክሌ ሮጠ። በማግስቱ ሙሽሪት አንድ እንስራ ጠላ አሸክማ መጣች፤ ጋሽ ሰይድ እንደማይጠጣ ስትሰማ ተሳቀቀች። እሱ ግን፣ «ለነዚህ አጠጪያቸው፤ እኔ እነሱ ሲስቁ እሰክራለሁ» አላት።

ጂኖ እውነትም ተማረ። ቃጭሉ እንደታሰረ ከጋሽ ሰይድ ጋር ደብረ ብርሃንን ዞረ። ቃጭሉ ሲጮህ ጋሽ ሰይድ በጣቱ ጉልበቱን ይነካዋል፤ ጂኖም፣ «እጊር! እጊር!» እያለ ራሱን ይቆጣል። እያደር ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። አንድ ከሰዓት እስከ ድልድዩ ሄደው ሲመለሱ ቃጭሉ የጮኸው ማርሽ ሲቀየር ብቻ ነበር። ጂኖ ከመኪናው ዘሎ ወረደ፣ ቃጭሉን ፈታና በገዛ አንገቱ አስሮ እንደ በቅሎ እየሰገረ ጋራዡን ዞረ። ተክሌም ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ፍሪሲዮን አላቃጠለም፤ በእሱ ጭነት ላይ የሚቀመጡት ኩሊዎችም «የቃጭሉ ሰውዬ» እያሉ እሱን መርጠው ይሳፈሩ ነበር።

የኔ አሮጊት መኪና ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ወታደር ወደ አንኮበር በኩል እንደሚሄድ ተወራ፤ ለዚያ ሥራ ከሚፈለጉት መኪናዎች አንዷ እሷ ነበረች። ጋሽ ሰይድ «ሸራዋ ይለወጥ» ብሎ ፈታታት። ሊገጥም ሲል ሸራውን ተጭነው የሚይዙት ሞላዎች ደክመዋል አለ። የጋራዡ ኃላፊ አየ፤ እውነትም የቀረቡለት ሞላዎች የደከሙ ነበሩ። ከአስመራ ይምጣ ተባለ። መጣ፤ ልኩ አልሆነም። እንደገና ተጻፈ፤ የመጣው የሌላ መኪና ሆነ። ጋሽ ሰይድ በየጊዜው አንገቱን ይነቀንቃል፤ «አቤት የዚህች አሮጊት ዕድል!» ይላል። ዝናቡ ዘነበባት፤ ዶሮ ወንበሯ ላይ እንቁላል ጣለች። እንደዚያ እንደተኛች ጣሊያን አገሩን ለቆ ወጣ።

ነጻነት በመጣ ሰሞን ጋሽ ሰይድ አንድ ማለዳ ቤቴ መጣ። እቅፉ ውስጥ ሽምብራ የሞላበት ቅርጫት ነበር። «ለልጅህ ሽምብራ ያመጣሁ መስሎህ ደስ አይበልህ» አለና እጁን ከሽምብራው ሥር ሰዶ በቅባት የተጠቀለሉ ሞላዎች እያወጣ መደርደር ጀመረ። የመኪናዋ የራሷ ሞላዎች ናቸው፤ ጠንካሮች፣ ምንም ያልሆኑ። ኃላፊው ያያቸው የሌላ አሮጌ መኪና ነበሩ። ለካ ከዚያን ክረምት ጀምሮ ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው።

«ቢያገኙህ ኖሮስ?» አልኩት።

«ቢያገኙኝማ አሁን ከአንተ ጋር አልጨዋወትም ነበር» አለና ከልቡ ሳቀ። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው ግን ሳቁን ተወ። «ነፍሰ ጡር ሚስት ነበረችህ። አንድ ሰው የሚበቃውን ነገር ለሁለት ምን አሸከመን?»

እሱ፣ ተክሌና እኔ ሆነን ገጠምናት። ባለቤቷ ነጋዴ መኪናው በሕይወት መኖሯን ሲያይ አለቀሰ። የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ አንኮበር አድርጉት አለን፤ ከገደሉ አፋፍ ተሰደው ደብረ ብርሃን ዙሪያ የቆዩ ሰዎች አገራቸው ሊገቡ ይፈልጉ ነበርና። ሽማግሌዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ የዘር ገብስ፣ ሞፈርና ቀንበር፣ አንዲት ድመት ሳይቀር ተጫነ። ጋሽ ሰይድ አጠገቤ ተቀመጠ። አንድ ዳገት ላይ ስንደርስ ከኋላ ያሉት፣ «እንውረድ እንዴ? እንግፋ እንዴ?» ብለው ጮኹ። «ተቀመጡ!» አላቸው፤ «ጉልበቷን ለዛሬ ነው ያስቀመጠችው።» መኪናዋም አልተንሸራተተችም፤ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ከኋላ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ሰይድ ግን ያን ቀን ሞተሩንም አይሰማም፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ቆላው ብቻ ያያል።

አንኮበር ስንደርስ ሰዉ ወርዶ በየአቅጣጫው ተበተነ። የመኪናው መንገድ የዚያን ጊዜ እዚያ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው። ጋሽ ሰይድ ፊቱን ታጠበ፣ ጢሙን በጣቱ አበጠረ፣ የተሻለውን ኩታ ለበሰ። «ዘሀራን አይቼ ነገ እመለሳለሁ፤ ጠብቀኝ። ጋራዡን እኮ እኛ ነን የምንይዘው፤ ብዙ ሥራ አለን» አለኝ። አዲስ ጋራዥ ስለመክፈት ተነጋግረን ነበር፤ እሱ፣ ተክሌና እኔ። ቁልቁለቱን እንደ ጎረምሳ እየዘለለ ወረደ።

በማግስቱ ጠበቅኩት። ረፋድ ሆነ፤ ቀትር ሆነ። አንድ ነገር ደርሶበት ይሆን እል ጀመር። በቆላው የተቃጠለ ቤት፣ የሞተ ዘመድ፣ ያልተነገረ መርዶ ሊኖር ይችላል፤ ያን ሁሉ ዘመን በሰው አፍ ብቻ የሰማትን ሚስት ምን ሆና ያገኛት ይሆን? ልወርድ ጫማዬን እያጠበቅኩ ሳለ አንድ ነጋዴ በቅሎዎቹን እየነዳ ከገደሉ ብቅ አለና ወደ መኪናዋ መጣ።

«የሰይድ ወዳጅ አንተ ነህ?»

«ነኝ። ምነው፣ ደኅና አይደለም?»

ነጋዴው በቅሎው ላይ ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ፈገግ አለ።

«ማታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ዘሀራ እየሳቀች ወጣች። እሱ ቆሞ አለቀሰ፤ እሷ ሳቀችበት። አሁን ሁለቱም ጣራ ሲከድኑ ትቻቸው መጣሁ። ‘አትጠብቀኝ፤ አልመለስም በለው። ደስ ብሎኛል’ ብሏል።»

ጋራዡ ያለ እሱ ምን ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ። ነጋዴውም መልስ የምልክ መስሎት ይጠብቃል። ወደ ታች፣ ወደ ጭሱና ወደ ጣራዎቹ አየሁ።

«ስትመለስ» አልኩት፣ «እኔም ደስ ብሎኛል በልልኝ።»

መኪናዋን አስነስቼ ብቻዬን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ።